ከሞጆ በኩል ያልሰማሁት

ከዚህ በታች የምተርከው ከሦስት ምንጮች የተቀዳ ነው፤ ከሥራ ማስታወሻ ደብተሮቼ፣ ከገዛ ትዝታዬና ከወይዘሮ ዘይነባ አንደበት። ሦስቱ በማይስማሙበት ቦታ አለመስማማታቸውን እናገራለሁ እንጂ በግድ አላስታርቃቸውም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ትዝታዬ ለእኔ እንደሚያደላ ተረድቻለሁ። ጥሩ የሠራሁበትን ቀን ከነሰዓቱ ይነግረኛል፤ ያጠፋሁበትን ቀን ግን ጭጋግ ያለብሰዋል።

ወይዘሮ ዘይነባ በሞጆ የአንድ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር የተራ መዝጋቢ ነበረች። በእኔ ፊርማ ምክንያት ከሥራዋ ታግዳ ታውቃለች። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ስልክ ደወልሁላት።

«እንዴ ኢንጂነር! እስካሁን እሱን ነገር ያስቡታል?» ብላ ሳቀች። «ከጻፉት ግን በደንብ ይጻፉት። የራስዎን ብቻ እንዳይጽፉ።»

«የደወልሁትም ለዚሁ ነው» አልኋት።

በሠፈሬ «ኮምፒውተር ጠጋኙ» እባላለሁ። ስሕተት ነው ብዬ የተከራከርሁበት ቀን የለም፤ ሥራዬ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ኮምፒውተሮች በመስመር ሲነጋገሩ ንግግራቸው በትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። እሽጎቹን ፓኬት እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ ላይ እንደ ፖስታ ሽፋን የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፋል። የእኛ ፕሮግራም በመስመሩ የሚያልፉትን ፓኬቶች ቅጂ ይይዝና ከነመነሻ ሰዓታቸው፣ እስከ ሴኮንድ ሺሕኛ ድረስ፣ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ይደረድራቸዋል። እኔ እነዚያን ረድፎች አንብቤ የት ላይ ምን እንደተበላሸ የምናገር ሰው ነበርሁ። ባለቤቱ ሳይፈቅድልኝ የማንንም መስመር ከፍቼ አላየሁም፤ ይህን በልበ ሙሉነት እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት በወለንጪቲ ስልክ ጣቢያ ነው። በዚያን ዘመን ብልሽት የሚፈለገው በጆሮ ነበር። ማዳመጫውን ደፍቼ ሽቦው ሲንሾካሾክ ውሃ ገብቶበት ይሁን ወይም ቅርንጫፍ ተደግፎት መለየት ተማርሁ። በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ሄድሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን በኮምፒውተር ግንኙነት ይዤ ወደ አዳማ ተመለስሁ። እዚያም ለድርጅቶች ኔትወርክ በሚዘረጋና በሚጠግን መሥሪያ ቤት እስከ ጡረታዬ ድረስ አገለገልሁ። ስለ ደመወዙ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ልጆቼን አስተማረ፣ ቤት አላሠራም። ስለ ወረቀቱም እንዲሁ፤ በሦስት ቅጂ ያልተሞላ የሥራ ትእዛዝ አይቼ አላውቅም።

የምኮራባቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በዓለም ጤና ከተማ የአትክልት አምራቾች ማኅበር የሚዛኑ ኮምፒውተር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከመስመር ይጠፋ ነበር። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች በፀሐይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሽንኩርቱም ያልባል። ከእኔ በፊት የሄዱ ሁለት ባለሙያዎች ኬብል ቀይረው ተመልሰዋል። እኔ አንድ ሙሉ ቀን ምንም ሳልነካ ፓኬት ስይዝ ዋልሁ። ኮምፒውተሮች መልእክት ከመላካቸው በፊት «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብለው በመስመሩ ይጣራሉ። ለሚዛኑ አድራሻ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች «የእኔ ነው» ብለው ሲመልሱ አየሁ። አንደኛው ሚዛኑ ነበር። ሁለተኛው የሥራ አስኪያጁ አዲስ ማተሚያ ሲሆን፣ በተከፈተ ቁጥር የሚዛኑን አድራሻ ይነጥቀው ነበር። አንድ ቁጥር ቀየርሁ፤ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሚዛኑ ላይ የሚሠሩት ሰውዬ፣ «ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ለአምስት ደቂቃ ሥራ?» ብለው አፌዙብኝ። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት በባጃጅ አስጫኑልኝ።

ምንም ሳይነኩ መዋልን ያስተማሩኝ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን አቶ ገመቹ ነበሩ። እኛ ኦቦ ገመቹ እንላቸዋለን። የቦሰት ሰው ናቸው፤ በትውልድ ቀበሌያቸው የታወቁ ሽማግሌ ስለነበሩ ቅዳሜና እሑድ የተጣላ ሲያስታርቁ ይውላሉ። የሽምግልናውን ሥርዓት ይዘው ወደ ሥራ ይመጡ ነበር። የተያዘ ፋይል ከመክፈታቸው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አውጥተው መሐሉን በእርሳስ ያሰምራሉ። በግራ በኩል አንደኛው ወገን የተናገረውን፣ በቀኝ በኩል ሁለተኛው ወገን የተናገረውን ይጽፋሉ። ወገን የሚሉት መስመሩን ከዚህና ከዚያ የያዙትን ሁለቱን ኮምፒውተሮች ነው፤ የሚጠቀሙባቸውን ሰዎችም ይጨምራል። ቀጥሎ የሁለቱን ኮምፒውተሮች ሰዓት ከእጅ ሰዓታቸው ጋር ያስተያያሉ፤ «ሰዓታቸው ካልተስማማ ማን ቀድሞ እንደተናገረ በምን ታውቃለህ?» ይላሉ። በመጨረሻ ፋይሉን ሲከፍቱ ጠቋሚውን በጣም በዝግታ ያወርዱታል። እኛ ወጣቶቹ ማጣሪያ ጽፈን የምንፈልገውን ብቻ ስናወጣ እርሳቸው የማይፈልጉትንም ያነቡ ነበር። አንድ ጊዜ፣ «ኦቦ ገመቹ፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብላቸው፣ «ሽማግሌ ሆነህ አንዱ ሲናገር ጆሮህን እየመረጥህ ትከፍታለህ?» አሉኝ።

ኦቦ ገመቹ ጡረታ ወጥተው ወለንጪቲ ገቡ፤ ቦታቸውን እኔ ተረከብሁ። የዘይነባ ጉዳይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓመቱን ደብተሬ ይነግረኛል፤ እኔ ግን ያስታወስሁት በሌላ ዓመት ነበር።

የማኅበሩ ዋና ቢሮ አዳማ ነው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ቅርንጫፍ አለው። ባዶውን የመጣ መኪና ሾፌር ሞጆ ይመዘገባል። ዘይነባ የታርጋ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ምዝገባው አዳማ ካለው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ይደርሳል፤ ተራውም በደረሰበት ቅደም ተከተል ይያዛል። ሾፌር ተራውን ካጣ ቀናት ያጣል። ከቀትር በኋላ ተራ ይዘለላል የሚል አቤቱታ ሲበዛ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ በላቸው አስጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ነገሩ የመስመር አይመስለኝም። የሰው ነው» አሉኝ። «ሰዓቱን ብቻ ይዩልኝ። ግንኙነቱ የሚቆረጠው ሴትየዋ ከወንበሯ በተነሣች ቁጥር ነው።»

ሦስት ቀን አዳማ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጬ ፓኬት ያዝሁ። አቶ በላቸው ያሉት ልክ ነበር። በሦስቱም ቀን ዘይነባ ለቀትርና ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው የአስር ሶላት በምትነሣበት ሰዓት ግንኙነቱ ይቋረጣል። ያቋረጠውም በሙያችን ሪሴት የሚባል ፓኬት ነው። ንግግር በሥርዓት ሲያልቅ ሁለቱም ወገኖች ይሰነባበታሉ፤ ሪሴት ግን ስልክ ጆሮ ላይ እንደ መዝጋት ነው። የላኪው አድራሻ ላይ የሞጆው ኮምፒውተር ቁጥር ተጽፏል። እንዲህ ብዬ ጽፌ ፈረምሁ፦ «ግንኙነቱን በተደጋጋሚ ያቋረጠው የሞጆው ኮምፒውተር ነው። የሚቋረጠው መዝጋቢዋ ከቦታዋ በምትነሣበት ሰዓት ነው።» ሌባ አላልኋትም። ነገር ግን ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ሞላው። በሳምንቱ የእግድ ደብዳቤዋ በሞጆው ግቢ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት ተነበበ። በሶላት እያሳበበች መስመሩን ትቆርጣለች፣ ተራ ትሸጣለች ተባለ።

በዚያው ቅዳሜ ወለንጪቲ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድሁት ልመሰገን ነው። ኦቦ ገመቹ ግቢያቸው ውስጥ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርታ፣ መስፍን! ፊትህ ዛሬ ሰርግ ቤት ይመስላል።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣ «ጎበዝ፤ አዳማን ሰማህ። ሞጆስ ምን አለች?» አሉኝ።

«ሞጆ ምን ትላለች? ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የእሷ አድራሻ ነው።»

«አድራሻማ ማንም ይጽፋል። ባለፈው ሰሞን አንዱ መጥቶ ጎረቤቴ በሬዬን ነዳብኝ አለኝ። ስሙን ከነአባቱ ጠራ። በሬው የት ተገኘ መሰለህ? ከገዛ አጎቱ በረት!»

«ይህ እኮ ማሽን ነው፣ ኦቦ ገመቹ።»

«እሺ፣ ማሽን ነው። ከሞጆ በኩል ያዝህ?»

«አልያዝሁም። ግልጽ ስለነበር…»

«ወረቀቱን ለሁለት ከፍለህ ነበር?»

«አልከፈልሁም።»

«ሴትየዋንስ ጠየቅሃት?»

መልሴን ሳይጠብቁ ስለ ዘንድሮው የማሽላ አዝመራ ያወሩኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ወቀሳ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ደርሶብኝ አያውቅም።

ሰኞ ሞጆ ወረድሁ። በዘይነባ ወንበር የተተካው ሰው ለምሳ ሲወጣ ቶሎ የማይመለስ ነበር። ላፕቶፔን ሳገናኝ ቶላ የሚባል የተሳቢ ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ዘይነባን ያስወጧት ኢንጂነር እርስዎ ነዎት?»

«ጉዳዩን እያጣራሁ ነው።»

«ያጣሩ፣ ያጣሩ! እሷ እያለች ተራዬ የጠፋው ሁለቴ ነው። እሷ ከወጣች ወዲህ ብቻ ሦስቴ! ሌባዋ ስትወጣ ሌብነቱ ይጨምራል እንዴ?»

ከውጭ ሳቅ ተሰማኝ። ወደ ላፕቶፔ ዞርሁ።

ሰውየው ምሳ ወጣ፤ ግንኙነቱም ተቋረጠ። የያዝሁትን ከፈትሁ። ሪሴቱ ደርሷል፤ የላኪው አድራሻ ግን የአዳማው ሰርቨር ነው! አዳማ ላይ የያዝሁት ፋይል ሞጆ ቆረጠች ይላል፤ ሞጆ ላይ የያዝሁት ደግሞ አዳማ ቆረጠች ይላል። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ተካሰሱ። የሽማግሌ ልጅ እንኳ ባልሆን የኦቦ ገመቹ ደቀ መዝሙር ነኝና፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ «እሱ ነው የሰደበኝ» ሲባባሉ በመሐል ወሬ የሚያመላልስ ሦስተኛ እንደሚፈለግ አውቃለሁ።

ሦስተኛውን ያገኘሁት አዳማ ተመልሼ የድሮውን ፋይል ያለ ማጣሪያ፣ በዝግታ ሳነብ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ሲነሣ የዕድሜ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመንገዱ ፓኬት በሚያቀባብለው ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ይቀነስበታል። በየኬላው ከቲኬት ጥራዙ አንድ ቅጠል እንደሚቀደድበት ተጓዥ ነው። የሞጆው ኮምፒውተር 128 ቅጠል ይዞ ይነሣል፤ በመንገዱ አራት ኬላ ስላለ አዳማ የሚደርሰው በ124 ነው። በፋይሉ ያሉት የሞጆ ፓኬቶች በሙሉ 124 ይላሉ። የሞጆን አድራሻ የያዙት ሪሴቶች ግን 64 ይላሉ። 64 የሌላ ዓይነት መሣሪያ መነሻ ቁጥር ነው፤ አንድም ቅጠል አልተቀደደበትም። እነዚያ ፓኬቶች አንድም ኬላ አላለፉም። የተነሡት እኔ ከተቀመጥሁበት ክፍል ነው።

በዚያ ክፍል፣ በኔትወርኩ በር ላይ የሚቆም ፋየርዎል የሚባል የጥበቃ መሣሪያ አለ። ከወራት በፊት የተከልሁት እኔ ነበርሁ። ሰርቨሩ በሞቱ ግንኙነቶች እንዳይጨናነቅ ብዬ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ንግግር ያልተሰማበትን መስመር ዝጋ፣ መዘጋቱንም ለሁለቱም ወገን አሳውቅ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። (ትዝታዬ ሃያ ደቂቃ ይላል፤ የደብተሩን እቀበላለሁ።) መሣሪያው ለአዳማ በሞጆ ስም፣ ለሞጆ በአዳማ ስም ሪሴት ይልክ ነበር። ዘይነባ ለሶላት ታጥባ፣ ውዱ አድርጋ፣ መስጊድ ደርሳ እስክትመለስ አሥራ አምስቱ ደቂቃ ያልፋል። የመመዝገቢያው ፕሮግራም ደግሞ መስመሩ መዘጋቱን ሳይናገር የመጀመሪያውን ታርጋ «ተመዝግቧል» ብሎ ያስቀረዋል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ በአዲስ መስመር ይልካል። ስለዚህ ከሶላት ስትመለስ መጀመሪያ የተመዘገበው ሾፌር ተራው ይጠፋል። የእሷ ጥፋት በሰዓቱ መስገዷ ብቻ ነበር።

አቶ በላቸው ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ቁጥሩን ዝም ብለው ያስተካክሉት። እኔም ማስረጃ ስላልተሟላ ብዬ እመልሳታለሁ። ምን አስጨነቀዎት? ስምዎን ለምን ያጎድፋሉ?»

አሳቡ እንዳልማረከኝ ብጽፍ እዋሻለሁ። ግን ለዘይነባ ራሴ ደወልሁና ነገርኋት።

«በደብዳቤማ አልመለስም» አለች። «የወጣሁት ግቢ ውስጥ ተነብቦብኝ ነው። ጎረቤት ልጆቼን ‘የተራ ሻጯ ልጆች’ እያለ ነው። የምመለሰውም እዚያው ግቢ ውስጥ ተነብቦልኝ ነው። የሚያነቡትም እርስዎ ነዎት።»

የዚህን ነገር መጨረሻ ከመጻፌ በፊት ስለ ቀሪው ዘመኔ ትንሽ ልበል። ከዚያ ጉዳይ በኋላ በክፍላችን ከሁለቱም ጫፍ ሳይያዝ፣ መስመሩን የሚጠቀመው ሰውም ሳይጠየቅ ሪፖርት አይፈረምም የሚል ደንብ አወጣሁ። በአማካሪነት የመጡ ጎበዞች ጊዜ ማባከን ነው ብለው ተከራክረውኛል፤ አልለወጥሁትም። በቀሩኝ ዓመታት ከሞጆ እስከ ዝዋይ በፈረምኋቸው ሪፖርቶች አንድም ሰው ያለ ጥፋቱ ከሥራ አልወጣም። ቢያንስ እኔ የማውቀው የለም። ኦቦ ገመቹ ከማረፋቸው በፊት ደንቡን በጽሑፍ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና፣ «የቦሰት ሽማግሌዎች ሥርዓታችንን ሰረቅህ ብለው እንዳይከሱህ» ብለው ሳቁ። ከዲግሪዎቼ ሁሉ የምኮራው በዚያች አንድ ገጽ ነው።

አሁን ወደ ሞጆው ግቢ። ሾፌሮቹ ተሰብስበዋል። ዘይነባ ከግድግዳው ጋር ቆማለች። በእኔ ትዝታ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ነበር። ዘይነባ በስልክ ይህን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

«ኧረ በአላህ፣ ኢንጂነር! መጀመሪያ ስለ ፋየርዎሉ አንድ ሰዓት ነው የተናገሩት! ሰው ሁሉ ተሰላችቶ ቶላ ‘ኢንጂነር፣ በሰው ቋንቋ ይንገሩን!’ ብሎ ሲጮህ ነው ‘እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እሷ ምንም አላደረገችም’ ያሉት።»

የእሷን እቀበላለሁ። ያን ቃል በሰው ፊት ስትጠብቅ የነበረችው እሷ ናት፤ አትረሳውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ሦስቱም ምንጮች ይስማማሉ። ቶላ፣ «ወሬማ ወሬ ነው፤ ሠርቶ ይታይ!» አለ። የፋየርዎሉን የአሥራ አምስት ደቂቃ ትእዛዝ አስቀድሜ አንሥቼው ነበር፤ የቀትር ሶላትም ደርሷል። ዘይነባ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ መኪና መዘገበችና ተነሥታ ወደ መስጊዱ ሄደች። እኔ ከወንበሯ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፓኬት እይዛለሁ፤ አዳማ ላይም በሌላው ጫፍ ይያዛል። ሾፌሮቹ መስኮቱን ሞልተውታል። አሥራ አምስት ደቂቃው አለፈ። ሃያ ሆነ። ሪሴት አልመጣም። ዘይነባ በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ተመለሰች፤ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠችና የቶላን ታርጋ ጻፈች። የኮምፒውተሩ መስኮት «ተመዝግቧል» አለ። ማንም አላመነውም። አዳማ ደወልሁና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትሁት። ከወዲያ በኩል አቶ በላቸው፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የታርጋውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡት።

ቶላ በመስኮቱ እጁን ዘርግቶ ዘይነባን ጨበጣት። አንድ ነገር ሊናገር ሲል አላስጨረሰችውም። የእኔንም ፊት አላየችም። በእሱ ትከሻ አሻግራ ሰልፉን እያየች፣ «ቀጣይ!» አለች።